ድረ ገጻችን ከጋራ ቤት መቼ ይውጣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከወትሮው ትምህርታችን ለየት ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሥራ አመራር ስብሰባ እየተደጋገመ የሚነሣ፣ የአባላት መዋጮ የሚወጣበት፣ የብዙ ዓመት የአገልግሎት ፍሬም የሚጠበቅበት ወይም የሚጠፋበት ስለ ሆነ በዝምታ የምናልፈው አይደለም። ጥያቄው አጭር ነው፦ ድረ ገጻችን ከጋራ ሆስቲንግ ወጥቶ ቪፒኤስ ወደሚባለው መቼ ይዛወር?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በንዴት ነው። በበዓል ዋዜማ ገጹ አልከፈት ይላል፤ ምእመናን ይደውላሉ። በቀጣዩ ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ «ሰርቨሩ አልቻለም፤ ቪፒኤስ እንግዛ» ይላል፤ ሌላው «ገንዘብ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ጉዳዩም ማስረጃ ሳይቀርብበት በድምፅ ብልጫ ያልቃል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ መዛወር የሚገባው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው፣ ችግሩ በእርግጥ የቦታ ጥበት መሆኑ በልኬት ሲረጋገጥ፤ ሁለተኛው፣ አዲሱን ሰርቨር ዘወትር የሚጠብቅ ሰው ከነተተኪው በስም ሲታወቅ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ባሉበት መቆየት ይሻላል።

የጋራ ቤትና የግል ግቢ

ነገሩን ከምናውቀው ኑሮ ጋር እናስተያየው። የጋራ ሆስቲንግ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራዮች እንደሚኖሩበት ቤት ነው። ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ የግቢው በር ቁልፍም በአከራዩ እጅ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶዎች የሚቈጠሩ ድረ ገጾች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሲፒዩውን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ብዙ ጊዜም የአይፒ አድራሻውን ይጋራሉ። አንዱ ተከራይ ልብስ ሲያጥብ የሌላው ውኃ ይቀንሳል። ይህ እንዳይሆን አከራዩ ለእያንዳንዱ መጠን ያወጣል፤ ከመጠኑ ያለፈ ይዘጋበታል። በምላሹ የጣሪያው ጥገና፣ የአጥሩ እድሳትና የበሩ ጥበቃ የአከራዩ ነው። የሰርቨሩን ስርዓተ ክወና የሚያሻሽለው፣ ዳታቤዙ ሲወድቅ ሌሊት ተነሥቶ የሚያስነሣው እርሱ ነው።

ቪፒኤስ፣ ማለትም ቨርቹዋል ፕራይቬት ሰርቨር፣ ከዚህ ይለያል። አንዱ ትልቅ ማሽን ሃይፐርቫይዘር በሚባል ሶፍትዌር ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስርዓተ ክወና ያለው ራሱን የቻለ ሰርቨር ሆኖ ይሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሠርቶበታል። ዛሬ ብዙ አቅራቢዎች የሚጠቀሙበት ኬቪኤም ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። በቪፒኤስ የራም ድርሻችሁ ተከልሎ ይሰጣችኋል፤ የሚጫነውን ሶፍትዌር የምትመርጡ፣ ሙሉ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያላችሁም እናንተ ናችሁ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አትርሱ። ከሥር ያለው ማሽን አሁንም የጋራ ነው፤ በርካሹ ቪፒኤስ ሲፒዩው ለብዙዎች ስለሚከፋፈል የጎረቤት ጫና ጨርሶ አይጠፋም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፦ ጣሪያው ሲያፈስ የምትጠግኑት እናንተው ናችሁ።

አስቀድሞ በሽታውን መለየት

«ገጹ ዘገየ» ማለት «ሰውየው ታመመ» እንደ ማለት ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይገዛም። የዘገየ ድረ ገጽ ሁሉ ቤት የጠበበው አይደለም።

ብዙ ጊዜ በሽታው ፎቶ ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይሆናል። የንግሥ በዓል ዘገባ ሃያ ፎቶ ይዞ ሳይቀነስ ቢወጣ አንዱ ገጽ ብቻ ከ80 እስከ 100 ሜጋባይት ይመዝናል። ይህን ገጽ የትኛውም ሰርቨር ላይ ብታስቀምጡት በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ምእመን ያው ይጠብቃል፤ ጥቅሉም ያልቅበታል። እያንዳንዱ ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነስ ግን ያው ዘገባ 4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም።

ሁለተኛው በሽታ የተከማቸ ፕለጊን ነው። በዎርድፕረስ የተሠራ ገጽ በየተራው የመጣ አገልጋይ የጫናቸውን ፕለጊኖች ተሸክሞ ይኖራል፤ የትኛው ለምን እንደ ገባ የሚያስታውስ የለም። ካሽ ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቍጥር ሰርቨሩ ዳታቤዙን እየጠየቀ ያንኑ ገጽ እንደ አዲስ ያዘጋጃል። ካሽ ማለት አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን አስቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ ማቅረብ ነው፤ እንጀራውን ለእያንዳንዱ እንግዳ ሊጥ አቡክቶ ከመጋገር አስቀድሞ ጋግሮ ማቆየት እንደሚሻል ማለት ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ኬብሉ ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት ደግሞ ብዙ ደርሶ መልስ ያስፈልጋል። በዚያው ከተማ ካለው የጋራ ሆስቲንግ ወጥታችሁ በዚያው ከተማ ቪፒኤስ ብትከራዩ መንገዱ አያጥርም። እዚህ ላይ የሚረዳው የገጹን ቅጂ በየአህጉሩ አስቀምጦ ከቅርብ የሚያቀርብ፣ ሲዲኤን የሚባለው አገልግሎት ነው፤ በነፃ የሚሰጡትም አሉ።

እነዚህን ለመለየት ቀላል ፈተና እነሆ። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ያለው ተራ የኤችቲኤምኤል ፋይል በዚያው ሆስቲንግ ላይ አስቀምጡና ክፈቱት። ይህ ፋይል ፈጥኖ ከተከፈተና የዎርድፕረሱ ገጽ ከዘገየ ችግሩ ያለው በፎቶው፣ በፕለጊኑ ወይም በዳታቤዙ ነው። ተራው ፋይልም ራሱ ከዘገየ ግን ችግሩ በሰርቨሩ ወይም በመንገዱ ነው። ጎግል ለድረ ገጽ አዘጋጆች ባወጣው መመዘኛ የመጀመሪያው የመረጃ ቅንጣት ከሰርቨሩ በ0.8 ሴኮንድ ውስጥ ቢደርስ መልካም ይባላል። ይህን ለአንድ ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለክታችሁ በወረቀት ያዙት። ወደ ስብሰባ የሚቀርበው ይህ ወረቀት ይሁን።

የመዛወሪያ ምልክቶች

ፎቶው ተቀንሶ፣ ፕለጊኑ ተራግፎ፣ ካሽም ተደርጎ ችግሩ ከቀጠለ ያን ጊዜ ቤቱ በእርግጥ ጠቧል ማለት ይቻላል። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ አከራዩ ያወጣው መጠን እየተደጋገመ መሙላቱ ነው። ብዙ የጋራ ሆስቲንግ አቅራቢዎች በሲፓነል ውስጥ የሲፒዩውን፣ የራሙንና በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሂደቶችን ብዛት በሥዕል ያሳያሉ። መጠኑ ሲሞላ ጎብኚው 508 ወይም 503 የሚል የስሕተት ቍጥር ያያል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ሂሳባችሁ በአንድ ጊዜ 20 ሂደት ቢፈቀድለትና አንዱን ገጽ ለማዘጋጀት 2 ሴኮንድ ቢፈጅ በሴኮንድ ማስተናገድ የምትችሉት 10 ገጽ ብቻ ነው። የጥምቀት ከተራ ዕለት በቴሌግራም ቻናላችሁ ማስፈንጠሪያ ለጥፋችሁ በአንድ ደቂቃ 600 ሰው ቢመጣ በሴኮንድ 10 ሰው ነው፤ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የመጣው ይመለሳል። ያው ገጽ በግማሽ ሴኮንድ ቢዘጋጅ ግን በሴኮንድ 40 ይስተናገዳል። ስለዚህ ቤት ከመቀየር በፊት ሥራውን ማፍጠን እንደሚቀድም ከስሌቱ ትረዳላችሁ። በዓመት ሦስት ቀን ብቻ መሙላትና በየሳምንቱ እሑድ መሙላትም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በሲዲኤንና በካሽ ይታገሣሉ፤ ሁለተኛው የመዛወሪያ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምልክት የሥራው ዓይነት መለወጡ ነው። የአባላት መዝገብ፣ የርቀት ትምህርት መስጫ፣ ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፕሮግራም የጋራ ሆስቲንግ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ሦስተኛው የጎረቤት ጠባይ ነው። በዚያው አይፒ አድራሻ ያለ ሌላ ድረ ገጽ አጭበርባሪ መልእክት ሲያሰራጭ አድራሻው በጥቁር መዝገብ ይገባና የእናንተም ኢሜይል አልደርስ ይላል።

የድምፅ ፋይል ግን ብቻውን ምልክት አይሁናችሁ። በ64 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ስብከት 28.8 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሺህ ሰው ቢያወርደው 28.8 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ የማከፋፈል ሸክም ነው፤ ለዚሁ በተሠራ አገልግሎት ላይ አስቀምጦ በድረ ገጹ ማስፈንጠሪያውን መስጠት ይቀላል። ዋናው ቅጂ ግን ከእጃችሁ አይውጣ።

ጠባቂው ማን ነው?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ቢሟላ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማየው እርሱን ነው። ሰርቨሩን ማን ይጠብቀዋል?

በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ እንመረቃለን፤ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ እንሄዳለን፤ ወደ ውጭም እንወጣለን። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ካለ ሰውየው ሲሄድ ሰርቨሩም አብሮት ይሄዳል። በጋራ ሆስቲንግ ለሁለት ዓመት የተረሳ ገጽ ቢያንስ የቤቱን ጣሪያ የሚጠግንለት አከራይ አለው። የተረሳ ቪፒኤስ ግን በሩ ክፍት የቀረ ቤት ነው። በኢንተርኔት ላይ በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ የይለፍ ቃሉን የሚገምቱ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ማንኳኳት ይጀምራሉ፤ ማንም ስለማያውቃችሁ አይተዉአችሁም።

የጠባቂው ሥራ ምን እንደ ሆነ እንቍጠረው። ማሻሻያዎችን በጊዜያቸው መጫን፤ ፋየርዎል ማበጀት፤ ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን በይለፍ ቃል ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ ማድረግ፤ የገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ራሱን ማደሱን መከታተል፤ ዲስኩ እንዳይሞላ ማየት፤ ባክአፕ መውሰድ፤ የተወሰደው ባክአፕ ተመልሶ እንደሚሠራ መሞከር። ስርዓተ ክወናው ራሱ ዘመን አለው። ኡቡንቱ 24.04 በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተሰጠው መደበኛ ድጋፍ አምስት ዓመት ነው። ሴንትኦኤስ 8ን የጫኑ ደግሞ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል ብለው ሲጠብቁ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቋረጠባቸው። ዜናውን የሚከታተል ሰው ያለው ተቋም ወደ ሌላ ተሻገረ፤ ጠባቂ የሌለው ግን ሳያውቀው ያለ ጥገና ቀረ።

ስለ ባክአፕ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጨምር። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። ከሕንፃዎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ድረ ገጾች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ከደንበኞቹ መካከል ሌላ ቦታ ቅጂ ያኖሩ ተመለሱ፤ ያላኖሩ ግን መረጃቸውን ለዘለዓለም ያጡ ነበሩ። ስለዚህ በሙያው የታወቀውን ደንብ ያዙ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ይህ ለእኛ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ያረፉ የሊቃውንት ድምፅ ቅጂ ሌላ ቦታ የለውም። ሊቁ አርፈዋል፤ የቀዳው ስልክ ጠፍቷል፤ የቀረው ያ ፋይል ብቻ ነው። ያን ማጣት የአንድ ገጽ መዘጋት አይደለም።

የአባላት መዝገብም ሌላ አደራ ነው። የሕፃናት ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የመኖሪያ ሰፈር በእጃችን አለ። በግል ሰርቨር ላይ ማኖሩ ከጎረቤት ይለየዋል፤ ጠባቂ ከሌለው ግን ከጋራው ቤት ይልቅ የተጋለጠ ይሆናል።

ገንዘቡና ስሙ

ወንጌል ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተምረናል። አነስተኛ ቪፒኤስ በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ ከጋራ ሆስቲንግ የእድሳት ዋጋ ጋር የተቀራረበ ነው። የጋራ ሆስቲንግ የመጀመሪያ ዓመት ዋጋ ለማስተዋወቂያ የተቀነሰ ስለሚሆን ንጽጽራችሁ በእድሳቱ ዋጋ ይሁን። ነገር ግን በቪፒኤሱ ላይ የባክአፕ ክፍያና የጠባቂው ጊዜ ይጨመራል። አቅራቢው ራሱ የሚጠብቀው ቪፒኤስም አለ፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ቢሆንም ቦታ ለጠበበው ጠባቂ ግን ላጣ ተቋም ትክክለኛው መካከለኛ መንገድ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ክፍያው በዶላር መሆኑንም አትዘንጉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላሩ ሳይጨምር የብሩ ወጪ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በዚህም ምክንያት ብዙዎች በውጭ ያለ አንድ ወንድም ወይም እኅት በግል ካርዱ እንዲከፍልላቸው ያደርጋሉ። በጎ ፈቃድ ነው፤ ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሰውየው ሲታመም ማስጠንቀቂያው ለእርሱ ኢሜይል ይሄዳል፤ ሰርቨሩም ይሰረዛል። ከፋዩ ማንም ይሁን፣ ሂሳቡና ዶሜይኑ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይመዝገቡ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቃቸው፤ የኀላፊነት ርክክብ በተደረገ ቍጥር እንደ ማኅተምና እንደ ንብረት መዝገብ በቃለ ጉባኤ ይተላለፉ።

«ታዲያ ወጣቶቹ በምን ይማሩ?»

«ጠባቂ እስኪገኝ ከጠበቅን መቼም አንማርም» የሚል ወንድም ይኖራል። ነጥቡ እውነት አለው፤ ሰርቨር ማስተዳደር የሚለመደው በመሥራት ነው። ነገር ግን መለማመጃውና አደራው ይለዩ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭኖ፣ ወይም ለሁለት ወር ትንሽ ቪፒኤስ ተከራይቶ የገጹን ቅጂ በዚያ ላይ ማስነሣት ይቻላል። ሁለት ወጣቶች ይህን ቅጂ ሆን ብለው አጥፍተው ከባክአፕ መመለስ ከቻሉ ጠባቂዎቻችሁን አገኛችሁ ማለት ነው። ያልቻሉ እንደ ሆነም የጠፋ ነገር የለም።

ዝግጁ ከሆናችሁ ደግሞ ፈርታችሁ አትቆዩ። በልኬት የተረጋገጠ ጥበት እያለ፣ ሁለት የሠለጠኑ ጠባቂዎች እያሉ «እስካሁን ኖረናል» ብሎ መቀመጥ ምእመኑን በየሳምንቱ ከደጅ መመለስ ነው። ጊዜውን ግን ምረጡ። በሰሙነ ሕማማት፣ በጥምቀት ወይም በፍልሰታ ሰሞን ቤት አይለቀቅም፤ ጎብኚ የሚያንስበትን ሰሞን ያዙ። ከአንድ ቀን በፊት በዲኤንኤስ የተጻፈውን የቆይታ ጊዜ ወደ 300 ሴኮንድ አውርዱት፤ አድራሻው ሲቀየር ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል። አዲሱን ከፈተናችሁ በኋላ ብቻ አድራሻውን አዙሩ፤ የቀድሞውን ሆስቲንግም ቢያንስ ለአንድ ወር አትዝጉት።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ አጀንዳ ሲነሣ አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ችግሩን በልኬት አረጋግጠናል? ወጪ የማይጠይቀውን ማስተካከያ ጨርሰናል? ሁለት ጠባቂዎች በስም አሉ? የሁለት ዓመት ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል? ባክአፑን መልሰን አይተነዋል? ለአምስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ተዛወሩ። አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ የጎደለውን አሟሉ፤ ገንዘቡንም አታባክኑ። የተሰጠን አደራ የምእመናን ነው፤ ትልቅ ሰርቨር ስላለው ሳይሆን ታማኝ ጠባቂ ስላለው ይጠበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።